በቆሎ የማያጸዳው

ቪዬኬስ፣ ከባሕር ዳሩ ድንኳን
ኦገስት 9፣ 1999

እታለሜ ኤውሎሂያ፣ ምርቃትሽን!

ወገብሽ የቀና፣ ጣራሽ የማያፈስ፣ ዶሮሽ በየቀኑ የምትጥል ትሁን።

ባለፈው ሳምንት አንድ የጦር መርከብ ብቻዬን አባረርኩ። እሺ፣ ብቻዬን እንኳ አይደለም፤ ዶን ቶሪቢዮም ጀልባው ውስጥ ነበር፤ ግን እንቅልፍ ወስዶት ነበርና አይቆጠርም። መርከቡም ቢሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኛ ስንደርስ ፊቱን አዙሮ መሄድ ጀምሮ ነበር። ሆኖም እጄን ሳወዛውዝበት ፍጥነት ጨመረ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ቁጭ በይ፤ ከመርከቡ የሚበልጥ ወሬ አለኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እኔው ነኝ፤ በገዛ እጄ። መምህርት ኢርሚና ማታ ማታ በዓሣ አጥማጆች ማኅበር አዳራሽ የምታስተምረውን የፊደል ትምህርት ጨርሼ ምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛው ዶን ቶሪቢዮ ነው፤ እሱም የስሙን ግማሽ ይጽፍና ሌላውን ግማሽ ነገ ይላል። እስከ ዛሬ በስሜ የደረሱሽን ደብዳቤዎች የጻፈችልሽ ሚስቴ ፕሮቪደንሲያ ናት። እኔ እያወራሁ እሷ ትጽፋለች ይባል ነበር፤ ለካ እኔ ሳወራ እሷ የራሷን ትጽፍ ኖሯል።

እዚህ ምን ታደርጋለህ እንዳትዪ። በኤፕሪል የባሕር ኃይሉ አውሮፕላን ሲለማመድ የጣለው ቦምብ ዒላማውን ስቶ አንድ የደሴታችንን ልጅ፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ገደለው። ከዚያ በኋላ ጀልባ ያለው ሁሉ ወደ ተኩስ ሜዳው ገባ፤ ገብቶም ተቀመጠ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሜዳው ላይ ሰው እስካለ ድረስ ቦምብ አይጥሉም። ስለዚህ ሥራችን መኖር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰነፍ ስትዪኝ ኖርሽ፤ ይኸው ቁጭ ብዬ ሠራዊት የማስቆም ሥራ አገኘሁ።

ድንኳናችንን የት የተከልነው ይመስልሻል? የፕሮቪ አባት ቦታ ላይ! ከቤቱ የቀረው የሲሚንቶ ደረጃው ብቻ ነው፤ ትወጪዋለሽ፣ ግን የትም አያደርስሽም። የሰባት ዓመት ልጅ ሆና፣ ወታደሮቹ ምድሩን ለተኩስ ሜዳ ሲወስዱት፣ ከዚያ ደረጃ ላይ አንስተው ጭነት መኪና ላይ እንዳስቀመጧት አንቺ ከእኔ ይልቅ ታስታውሻለሽ። ያን ቀን የእኛም ቤት ከጎኑ ነው የፈረሰው።

እሷ ያው ናት። ሆዷ ውስጥ ያለውን ነገር ስሙን አንጠራም። ወደ ዋናው ደሴት ሆስፒታል በመርከብ ትመላለሳለች፤ መድኃኒቱ ፀጉሯን ጨረሰው፤ "አሁን ገና አንተን መሰልኩ" ትለኛለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአባቷ ደረጃ ላይ መቀመጥ። በጀልባ ልውሰድሽ ስላት፣ "ተሸክመው አውጥተውኛል፤ በእግሬ ነው የምገባው" አለችኝ። ስለዚህ እስክትጠነክር ቦታዋን እየጠበቅሁላት ነው።

ወፍራም ሸራ ካገኘሽ ላኪልን። የእኛ ሸራ ከእኛ ይልቅ ለዝናቡ ያደላል።

ወንድምሽ ኒካሲዮ (ፊርማው የራሴ ነው፤ እይው)


ሳንታ ክሩስ
ሴፕቴምበር 20፣ 1999

ኒካሲዮ፣ እግዚአብሔር ይባርክህ፤ ልብም ይስጥህ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለወሬው፣ አንዴ ለፊደሉ። ፊደልህ ሸርጣን ቀለም ነክሮ የሮጠበት ይመስላል። ቢሆንም ኮራሁብህ። የድሮዎቹ ደብዳቤዎች የፕሮቪ መሆናቸውን ደግሞ መች አጣሁት? አንተ በሕይወትህ "እጅግ የምናፍቅሽ" የሚል ቃል ከአፍህ ወጥቶ ያውቃል?

ሸራውን በዓርብ ጀልባ ልኬዋለሁ። አሁን ግን የእኔን ስማ። ያን ቀን አንተ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር፤ ጭነት መኪና ላይ መውጣት ብርቅ ሆኖብህ ስትስቅ ነበር። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ምድጃ ላይ የተጣደውን ድስት እንኳ አውርዱ አላሉንም። እናታችን እስክትሞት ድረስ "ያ ባቄላ አረረ" እያለች ኖረች። ሰው ከመርከብ ጋር እልህ አይጋባም፣ ኒካሲዮ። እኔ ባሕር ተሻግሬ ሸንኮራ ስቆርጥ ያረጀሁት ይህ ስለገባኝ ነው።

ፕሮቪን ወደ እኔ ላካት። እዚህ ጥሩ ሐኪም አለ፤ አልጋ አለኝ፤ እኔም አለሁ። አሸዋ ላይ ተቀምጠህ ደረጃ ከመጠበቅ ሚስትህን ጠብቅ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። እዚያ ምድር ላይ ከሆንክ አይቀር፣ ሸርጣን። እዚህ ያለው ሸርጣን አይባልም፤ ባዶ ቅርፊት ነው። እንደ እማማ አድርገህ፣ አደራ፣ በቆሎውን ሳትሰስት።

እህትህ ኤውሎሂያ


ቪዬኬስ
ኦክቶበር 30፣ 1999

እታለሜ፣ ምርቃትሽን!

ሸራው ደረሰ። ከሸራው በታች የምንተኛ ሰዎች ለእጅሽ ረጅም ዕድሜ ለምነናል፤ ዶን ቶሪቢዮ ለምላስሽም ሊለምን ሲል ከለከልኩት፤ እሱ ሳይጸለይለትም ረጅም ነው።

ሸርጣን ነው ያልሽው? እዚህ ያለው ሸርጣን ከዶን ቶሪቢዮ ባርኔጣ ይበልጣል። ባርኔጣው ትንሽ ቢሆንም ያስደነግጣል። ወታደር ካጠረው ወዲህ ይህን ምድር አጥማጅ ስላልረገጠው ሰው መፍራት ረስተዋል። ይዤ ወደ ቤት ወሰድኳቸውና እማማ እንዳስተማረችን የሽቦ ሳጥን ውስጥ አስገባኋቸው። በቆሎ፣ ኮኮናት፣ ንጹሕ ውኃ። ሆዳቸው ውስጥ ያለው ቆሻሻ ሁሉ ወጥቶ ሥጋቸው እንደ ጨርቅ እስኪነጣ ድረስ ጠበቅሁ። ሰው ለሰርጉ እንደዚያ አይታጠብም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ፕሮቪ ምግብ ዘግታ ነበር። ሾርባ ስሰጣት ትሸተውና ለድመቷ ትሰጣለች፤ ድመቷ ወፈረች፤ እሷ ከሳች። ሸርጣኑን ቀቅዬ ሳቀርብላት አፍንጫዋን አስጠግታ፣

"ይሄ ከየት ነው?" አለች።

"ከአባትሽ ጓሮ።"

"ውሸታም።"

"ከማንጎው ሥር ነው የያዝኩት። ጉድጓዱ በር ላይ ቆሞ 'የማን ነህ አንተ?' አለኝ። 'የባለቤቱ አማች ነኝ' ስለው ወዲያው መቆንጠጫውን ሰጠኝ።"

ሳቀች፤ እየሳቀችም በላች። ጣቷን ላሰች፤ ቅርፊቱን በድንጋይ ሰብራ መጠጠችው። ድመቷ ምንም አላገኘችም። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አትበላም፤ እኔም ከድንኳኑ በመጣሁ ቁጥር ሳጥኑን እሞላለሁ። ትናንት ያለ ምርኩዝ እስከ በሩ ሄደች። ወደ አንቺ ትምጣ ስላት፣ "ለኤውሎሂያ ንገራት፤ እግሬ እየመጣ ነው፤ መጀመሪያ ወደ አባቴ ነው የሚሄደው" ብላሻለች።

ለአንቺ የተፈለፈለውን ሥጋ በማሰሮ አሽጌ በዚሁ ጀልባ ልኬልሻለሁ። ለማንም እንዳታካፍዪ፤ የአንቺ ነው።

ወንድምሽ ኒካሲዮ፣ የሸርጣኖች አማች


ሳንታ ክሩስ
ኖቬምበር 28፣ 1999

ኒካሲዮ፣ እግዚአብሔር ይባርክህ፤ እጅህን ይባርክልህ።

በሩን ዘግቼ ብቻዬን በላሁት። ለልጆቼ አልነገርኳቸውም፤ ስስት ነው፣ ለቄሱ እነግራለሁ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስጎርስ የእናታችን ድምፅ መጣብኝ፤ "ቀስ ብለሽ፣ ቅርፊት እንዳይወጋሽ" የምትለው። አሮጊት ሆኜ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያ ምድር ለካ እስከ ዛሬ ጣዕሙ አልጠፋም።

ፕሮቪ እየበላች ከሆነ ሌላ ነገር አልልም። አብላት። እኔ ስለ ሐኪም ያልኩትን ተወው፤ ሐኪሟ አንተ ሆነሃል። ለገና አንድ ማሰሮ ድገመኝ። በምላሹ ምን ልላክ? ባትሪ? የሌሊት ልብስ?

እህትህ ኤውሎሂያ


ቪዬኬስ
ፌብሩዋሪ 17፣ 2000

እታለሜ፣ ምርቃትሽን።

ገና አለፈ፤ ማሰሮም አልላክሁም። ባሕሩ ከፍቶ ነበር። ደግሞ ሥራ በዛ፤ መቀመጥ ሥራ ነው ያልኩሽ። ባትሪው ይቅር፤ አለን።

ፕሮቪ ሰላም ትልሻለች። ይህ ወር ትንሽ ከብዷታል።

ያ የላክሁልሽ ሥጋ ምናልባት ተርፎሽ ከሆነ ድፊው። ቆይቷል፤ ይበላሻል። እስከ ዛሬ እንደማይተርፍሽ አውቃለሁ፤ እንዲያው ለማለት ያህል ነው።

ኒካሲዮ


ሳንታ ክሩስ
ማርች 12፣ 2000

ኒካሲዮ።

ከራዲዮ ሰማሁት። ከተኩስ ሜዳው ሸርጣን ማንም እንዳይበላ፤ ሥጋው ውስጥ የቦምቡ መርዝ ተገኝቷል አለ ሰውየው። ስሙን የማላውቀው ሰው ነገረኝ። ወንድሜ ግን ባሕሩ ከፋ፣ ሥራ በዛ አለኝ።

ለራሴ አይደለም። እኔ ሰባ አምስት ዓመት የቆየሁ ሴት ነኝ፤ አንድ ማሰሮ አይገድለኝም። ፕሮቪን ስንት ወር አበላሃት? እኔስ "አብላት" ብዬ የጻፍኩልህ ምን ቀን ነበር?

ኤውሎሂያ


ቪዬኬስ
ማርች 30፣ 2000

እታለሜ፣ ምርቃትሽን።

በደብዳቤሽ ላይ ምርቃቱ አልነበረም። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውንም አየሁ። ፖስታውን ቀድጄ ውስጡን አየሁ። ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አንድም ቀን ካንቺ ያለ ምርቃት ተለይቼ አላውቅም፤ አለንጋ አንስተሽ ያባረርሽኝ ቀን እንኳ እየሮጥኩ "ምርቃትሽን!" ስልሽ እየተሳደብሽ ባርከሽኛል።

የሆነውን ልጻፍልሽ።

ከዋናው ደሴት አንዲት ጓንት ያጠለቀች ሴት ወደ ድንኳኖቹ ትመጣ ነበር፤ ሸርጣን ትይዛለች፣ አፈር ትዘግናለች፣ ትሄዳለች። በጃንዋሪ ተመልሳ መጣችና ካህናቱ ካሠሩት የእንጨት ጸሎት ቤት ጥላ ሥር ሰበሰበችን። ከዚህ ምድር ሸርጣን እንዳትበሉ አለች። እኔ ብድግ አልኩ። የፊደል ትምህርት የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ አስረዳኋት። "እኛ እንዲሁ አንበላውም፤ በቆሎ አብልተን፣ ውኃ ለውጠን፣ አጽድተን ነው" አልኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

"በቆሎው የሚያጸዳው ሆዱን ነው፣ አባቴ" አለች። "ይሄ ሥጋው ውስጥ ነው የገባው።"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ለሚስቴ እንደምወስድ የማያውቅ የለማ። ቀልድ ፈለግሁ፤ አጣሁ። እኔ!

ቤት ስደርስ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄጄ ሳጥኑን አነሳሁ። ፕሮቪ መስኮት ላይ ነበረች።

"ሳጥኑን ወዴት ነው የምትወስደው?"

"ልቀቃቸው ብዬ ነው። ከሱ።"

"ትናንት ወፈሩ ስትለኝ አልነበር?"

"ሌሊት ከሱ።"

"ኒካሲዮ፣ ራዲዮ ያለህ አንተ ብቻ መሰለህ? ና ግባ።"

ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችኝ። "እኔ ነኝ ያበላሁሽ" አልኳት።

"ስማኝ" አለች። "እኔ የታመምኩት ሸርጣንህ ሳይመጣ ነው። ነፋሱ ከዚያ ወገን በመጣ ቁጥር ከታጠበ ልብስ ላይ የቦምባቸውን አቧራ ሳራግፍ አርጅቻለሁ። እስቲ ነፋሱን በምን በቆሎ ታጸዳዋለህ?"

ብርድ ልብሷን እግሯ ላይ አስተካከልኩላት።

"ደግሞ የበላሁትን አትንካብኝ። ከሰባት ዓመቴ ወዲህ ከአባቴ ቤት የበላሁት እሱን ብቻ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ምንም አትበላም ማለት ይቻላል። ሐኪሞቹም መመላለሱን አስቀርተውላታል፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። መርዙ ይሁን፣ ነፋሱ ይሁን፣ የእግዜር ነገር ይሁን ማንም አልነገረኝም። የሚነግረኝ ቢመጣም በሩን የምከፍትለት አይመስለኝም።

ላንቺ መጻፍ አቃተኝ። ቁጭ እልና "ሸርጣን" ብዬ እጽፋለሁ፤ እሰርዘዋለሁ። ሳልማር ቢሆን ኖሮ ፕሮቪ ትጽፍልሽ ነበር፤ እኔም ተነግሮሻል ብዬ አርፍ ነበር። መማር ይሄ ነው ለካ።

ከድንኳኑ ልቅርና አጠገቧ ልሁን ብላት፣ "ቦታዬን ለማን ትተህ?" ብላ ትቆጣኛለች። ሳምንቱን እየከፈልኩ እዚህም እዚያም ነኝ። ሁለቱም ጋ የለሁም።

ኒካሲዮ


ሳንታ ክሩስ
ኤፕሪል 16፣ 2000

ኒካሲዮ፣ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይባርክህ። ደግሞም ይባርክህ፤ ይሄኛው ላለፈው ደብዳቤ ነው።

ተቆጥቼ ሳይሆን ፈርቼ ነው። እኔም እኮ "አብላት" ብያለሁ። አንድ ቃል ነው፤ በልቤ ውስጥ ግን ከብዙ ቃል ይከብዳል።

ራዲዮው በሜይ መጀመሪያ ሊያስወጧችሁ ይመጣሉ እያለ ነው። በሴፕቴምበር ወደ እኔ ላካት ያልኩህን፣ በኖቬምበር ተወው ያልኩህን፣ ሁሉንም እርሳው። አሁን የምልህን አድርግ። ውሰዳት። በእግሬ ካለች እግሯን አትጠብቅ፤ እግሯ አይመጣም። አቅፈህ ጀልባ ላይ አስቀምጣት፤ ስትደርሱ አሸዋው ላይ አውርዳት፤ የቀረውን እሷ ታውቃለች። ብትቆጣ እኔን ትቆጣ፤ ወንበር ይዘህ ሂድ፤ ብርድ ልብስ ይዘህ ሂድ።

እኔ ብመጣ ዳሌዬ ከጀልባ አያወርደኝም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ባትሪም፣ ማሰሮም፣ ሌላም አልፈልግም። እዚያ ስትደርስ ያደረገችውን፣ የተናገረችውን ሁሉ ጻፍልኝ። ቃል በቃል። አብረን ነው ከዚያ የወጣነው፤ ስትገባ ልስማት።

እህትህ ኤውሎሂያ


ቪዬኬስ፣ ከቤት
ሜይ 30፣ 2000

እታለሜ፣ ምርቃትሽን። ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለቤቱም መርቂ።

በቴሌፎን ልጅሽ ነግሮሻል። ስለዚህ ያን አልደግመውም። የጠየቅሽውን እጽፋለሁ።

ሜይ ሁለት ነው የወሰድኳት። ባሕሩ እንደ ሳህን ተኝቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበትን ሰማያዊ ቀሚስ ለበሰች፤ ራሷ ላይ ነጭ ሻሽ አሰረች። ሳቅፋት የምትመዝነው ያ የላክሽው ሸራ ያህል ነው፤ ሸራው ይከብድ ይሆናል። ዶን ቶሪቢዮ ሞተሩን ያዘ። መንገዱን ሁሉ አልተኛም፤ ይህ በታሪኩ የመጀመሪያው ነው።

እንዳልሽው አሸዋው ላይ አወረድኳት። ጫማዋን አወለቀች። ልደግፋት እጄን ስዘረጋ በክርኗ ገፋችኝ። ከዚያም ሄደች። ዶሮ ከወንዝ ማዶ ሲጮኽ የሚሰማበት ያህል መንገድ ነው፤ ፀሐይ ከፊታችን እስክታልፍ ድረስ ፈጀባት። ትቆማለች፤ ትተነፍሳለች፤ ትሄዳለች። የሌሎቹ ድንኳኖች ሰዎች ወጥተው አዩ፤ ማንም አላጨበጨበም፤ ባርኔጣ ያለው ባርኔጣውን አወለቀ። በእግሯ ነው የገባችው፣ እታለሜ። ይህን ጉንጬን ሞልቼ እናገራለሁ።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ከላይኛው። በመዳፏ ሲሚንቶውን ስትዳብስ ቆየች። ከዚያ ከኋላዋ ባለው ባዶ ቦታ ላይ በጣቷ እያመለከተች አሳየችኝ፤ እዚህ ምድጃው፣ እዚህ የእናቷ አልጋ፣ እዚያ በማንጎው በኩል የእኛ ቤት። ማንጎው ግማሹ በቦምብ ተቆርጧል፤ ግማሹ አብቧል። የእኛን ቤት ቦታ ስታሳየኝ ጣቷን ቶሎ አላወረደችም፤ ያ ላንቺ ነው።

ሁለት ቀን እዚያው ቆየን። ተመለሽ አላልኳትም፤ እሷም እንመለስ አላለችኝም።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ መጡ። መርከቦች፣ ከላይ ሄሊኮፕተር፣ ጥቁር የለበሱ ፖሊሶች። እኛ ተቀምጠን መቁጠሪያ እየደገምን ነበር። እኔን መጀመሪያ አስነሱኝ። "እኔ መርከብ ያባረርኩ ሰው ነኝ፤ በደንብ እሠሩኝ" አልኳቸው፤ ቋንቋውን ስለማያውቁ ተረፉ። ዶን ቶሪቢዮ ስምህን ጻፍ ቢሉት ሙሉውን ጻፈው፤ እስከ መጨረሻው። ያን ሰዓት ሳቅሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ አንድ ወጣት ፖሊስ፣ ከዋናው ደሴት የሆነ፣ የእኛኑ ቋንቋ የሚናገር፣ ወደ ፕሮቪ ሄደ። በርከክ አለላት። "እናቴ፣ እርስዎን አላስርም" አለ። "ታመዋል። ረድቼ ወደ ጀልባው አደርስዎታለሁ።"

እሷም ቀና ብላ አየችውና እንዲህ አለች፦ "ልጄ፣ በስድሳ ዓመት ውስጥ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሰባት ዓመቴ ሳለ እንደ ዕቃ አነሱኝ፤ ዕቃ ደግሞ አይታሰርም። አሁን ሰው ነኝ። እንደ ሰው እሰረኝ።"

ልጁ ፊቱ ቀላ። ያቺን የፕላስቲክ ማሰሪያ አወጣ፤ አላጠበቃትም፤ ጣት ታስገባ ነበር። ከዚያ ይዤው በሄድኩት ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸክመው ወሰዷት። ለሁለተኛ ጊዜ ከዚያ ደረጃ ላይ ተሸክመው ወሰዷት። እኔ እጄ ታስሮ ከኋላ እየተከተልኩ ነበር።

ማታውን ሁላችንንም ለቀቁን። ከዚያ በኋላ ከአልጋዋ አልተነሳችም። ቦምቡ እንደገና በጀመረበት ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እጇን ይዤ ሳለሁ ሄደች። ለነፍሷ የዘጠኙን ቀን ጸሎት ስናደርስ ከወዲያ ማዶ ሲተኩሱ መስኮቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መስኮቱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሴቶቹ የጸሎቱን ድምፅ ከፍ ያደርጉ ነበር። እኔ በሚመጣው ወር በአጥሩ ሥር ሾልኬ እገባለሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ወረፋ አለ።

እስካሁን የጻፍኩትን አነበብኩት። ጥሩ ተጽፏል፤ መምህርት ኢርሚና ብታየው ትኮራ ነበር። ግን አንቺን መዋሸት አልቻልኩም፤ አንድ ነገር ፈጥሬያለሁ። ሌላው ሁሉ እንደሆነው ነው።

ፕሮቪ ለዚያ ልጅ ምንም አልተናገረችም። ከፋሲካ ወዲህ ድምፅ አልነበራትም፤ ጀልባው ላይም፣ ደረጃው ላይም፣ አልጋዋ ላይም። "ቃል በቃል" ስላልሽኝ ባዶ ወረቀት መላክ አቃተኝና ቃሉን እኔ ሰጠኋት። እሷ ያደረገችው ይህን ብቻ ነው፦ ልጁ "አላስርም" ሲላት ሁለት እጆቿን ወደ እሱ ዘረጋች፤ አንጓዎቿን አጋጠመች፤ እስኪያስራትም ድረስ አላወረደቻቸውም።

ወንድምሽ ኒካሲዮ